አግዳሚዎቹን የቆረጠችው እናቴ

እናቴ ታቢታ ኤርጫፎ በተቀበረች ዕለት የሕይወት ታሪኳን ያነበበው የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት አገልጋይ፣ «እህታችን ታቢታ በዚያ በመከራው ዘመን ጸሎት ቤታችን በደርግ ሲወረስ፣ ሠራተኛ መስላ በጥበብ ገብታ ቤቱን በስውር ስትጠብቅ የኖረች የእምነት አርበኛ ነበረች» አለ። ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱም «አሜን» አለ። ወንድሜ አሰፋ አንድ ጆሮው ስለማይሰማ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ምንድን ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ።

«በኋላ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ቤት ስንገባ ነገርኩት። አሰፋ ሳቀ፤ ከቀብር ተመልሶ መሳቁ አሳፍሮት ደግሞ ወዲያው ዝም አለ። ነገሩ እንደዚያ እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን። በወጣቱ አልፈርድም፤ ያኔ አልተወለደም፤ ሰው የነገረውን ነው የጻፈው። እናቴ ግን እዚያ ቤት የገባችው ጸሎት ቤቱን ለመጠበቅ አልነበረም። እኔ ወተት እንዳገኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውም በቀብር ላይ የሚነበብ ዓይነት ስላልሆነ እኔው ልጻፈው።

እናቴ የተወለደችው ከምባታ፣ ከዱራሜ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። አባቷ ኤርጫፎ በዚያ አገር ወንጌልን ቀድመው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ስለነበሩ የልጆቻቸውን ስም ያወጡት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ሚሲዮኖች የከፈቱት ትምህርት ቤት ገብታ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። አራተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ታመው ተኙ፤ ታናናሾቿን የሚይዝ ሰው ጠፋና ትምህርቱ በዚያው ቀረ። «ሞግዚትነቱን የጀመርኩት ያኔ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር።

አባቴ ማቴዎስም የዚያው አገር ሰው ነው፤ አናጢ ነበር። ሐዋሳ ገና በተቆረቆረችበት ጊዜ፣ አዋሳ ትባል በነበረበት ዘመን፣ ለአናጢ ሥራ ሞልቷል ሲባል ሰምቶ መጣ። ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ አገር ቤት ተመልሶ እናቴን አገባና ይዟት መጣ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ያስገረማት መንገዱ ነበር። «ሰፊ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፤ ግራና ቀኙ ግን ሣር እንጂ ቤት የለም። ሰዉ ሳይመጣ መንገዱ ቀድሞ መጥቷል» ትለን ነበር። የመጀመሪያ ቤታቸው አሁን ባህል አዳራሽ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አቧራውን በስንጥቁ ሁሉ ያስገባው ስለነበር እናቴ በሳምንቱ ውስጥ ደጋግማ ግድግዳ ትለቀልቅ ነበር።

ሥራ ፍለጋ ከየአገሩ የመጡት ወንጌላውያን፣ የከምባታውም የወላይታውም የሲዳማውም፣ መጀመሪያ ላይ በየቤቱ ነበር የሚጸልዩት። ቁጥራቸው ሲበዛ ጸሎት ቤት ሠሩ። ወንዶቹ ባሕር ዛፍ አቆሙ፤ ሴቶቹ ውሃ እየተሸከሙ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረገጡ። እናቴ አሰፋን አርግዛ ነው ጭቃ የረገጠችው። በሩን፣ መስኮቶቹንና አግዳሚ ወንበሮቹን የሠራው አባቴ ነው። አግዳሚዎቹ የዝግባ ነበሩ፤ ከቀን ሥራው መልስ አንድ በአንድ እያለ፣ ያለ ክፍያ ጨረሳቸው። ቁልፍም የገጠመው እሱ ስለሆነ ቁልፉ እሱ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። አሰፋ ተወለደ፤ ከእሱ በኋላ የተወለዱ ሁለት ልጆች አላደጉም፤ ከዚያ እኔ ተወለድኩ፤ ወንጌላዊት አሉኝ።

አብዮቱ ሲመጣ የእኛ ሰዎች አልከፋቸውም ነበር። አገር ቤት ያለው ዘመዳቸው መሬት አገኘ፤ ባላባት ቀረ። አባቴም የቀበሌ ስብሰባ ላይ ከሌላው ጋር ያጨበጭብ ነበር። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ግን «መጤ ሃይማኖት» የሚባል ቃል በየስብሰባው መሰማት ጀመረ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሸዋንግዛው የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ይቸግረኛል፤ ሲያገባ አልጋውን አባቴ የሠራለት ጎረቤታችን ነው። በ1971 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት ከአብዮት ጥበቃዎች ጋር መጥቶ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። አባቴና ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት ጋሽ ሽበሺ እዚያ ነበሩ።

«ማቴዎስ፣ ትእዛዝ ነው። ቁልፉን ስጠኝ» አለው ሸዋንግዛው።

«ቁልፉ የኔ አይደለም» አለ አባቴ። «የምእመናን ነው። የኔ ያልሆነውን እንዴት እሰጥሃለሁ?»

«ማቴዎስ፣ ስጠኝና ወደ ቤትህ ሂድ።»

አባቴ አልሰጠም። ጥበቃዎቹ ቁልፉን ሰብረው ገቡ፤ አባቴንና ጋሽ ሽበሺን ይዘው ሄዱ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚታሰሩ የነገረን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የሚገባ ነገር ጠፋ። እናቴ ከገበያ ቆጮ በብዛት እየገዛች በችርቻሮ መሸጥ ጀመረች። ጠዋት ትሸጣለች፣ ቀትር ላይ ለአባቴ ምሳ ይዛ እስር ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓት ተመልሳ ትሸጣለች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ነበር የምትዞረው። አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ግን ገና እታዘል ነበር። ስለደከምኩ ነው ትላለች፤ እግሬ ቀጭን፣ ሆዴ የተነፋ ነበር። ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ ነርሷ፣ «ወተት ስጪያት» አለቻት። «እሺ» ብላ ወጣች፤ ወተቱ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቀችም፤ ነርሷም አልነገረቻትም።

በዚህ መሀል ነው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረችው ጎረቤታችን እትዬ ደስታነሽ የመጣችው። ባሏ ገበያ ውስጥ ሱቅ ነበረው፤ እሷ ደግሞ ሰው ሲቸገር ማየት የማትወድ፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የገባችው።

«ታቢታዬ፣ ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሊከፍት ነው» አለቻት። «አስተማሪዋ ተመድባለች። ሞግዚት ይፈልጋሉ፤ ገንፎ የምታገነፋ፣ ልጆቹን የምታጥብ፣ የምታስተኛ። ደሞዝ አለው። ልጅሽም እዚያው ትውላለች፤ ወተትና ፋፋ ይሰጣሉ።»

«የት ነው የሚከፈተው?»

እትዬ ደስታነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «እዚያው ነው» አለች።

በማግስቱ እስር ቤት ሄደች። እስረኛና ጠያቂ የሚተያዩት በሽቦ አጥር ነበር፤ ጥበቃው እንዲሰማ በአማርኛ ብቻ አውሩ ስለሚባሉ በከምባትኛ ማውራት አይችሉም። የሁለቱም አማርኛ ያኔ አጭር ነበር። እናቴ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ ቃሏ አይለዋወጥም።

«ሥራ አገኘሁ።»

«የት?»

«ቀበሌ። ልጅ መጠበቅ።»

«ጥሩ ነው። ቤቱ የት ነው?»

«የኛው ቤት።»

«የቱ የኛ?»

«የጸለይንበት።»

አባቴ ሽቦውን ያዘ። «ያንን ደጅ እንዳትረግጪ» አላት።

«ወንጌላዊት ወተት ታገኛለች።»

«ሰምተሽኛል። እንዳትረግጪ።»

ጥበቃው ጊዜ አለቀ አለ። በሚቀጥለው ሰኞ እናቴ ጀርባዋ ላይ አዝላኝ መዋዕለ ሕፃናቱ ገባች። የአባቴን ቃል የተላለፈችው ያን ጊዜ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ሌላም ጊዜ ተላልፋለች። እንዲህ ፊት ለፊት ግን የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴ ወሬው ሲደርሰው የላከችለትን ምሳ ሳይነካ መለሰው። በማግስቱም መለሰው። እናቴ ደግሞ በየቀኑ መውሰዷን አልተወችም። በመጨረሻ አብረውት የታሰሩት ጋሽ ሽበሺ፣ «በምግብ የምታኮርፍ ከሆነ ያሰረህን አኩርፍ፤ ሚስትህ ምን አድርጋ ነው?» ብለው ተቆጡት ይባላል። ከዚያ ወዲህ በላ። ስለ ሥራዋ ግን አንድም ቀን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ መድረኩ ፈርሷል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ሕፃናት የነገዋ ሶሻሊስት ኢትዮጵያ ተረካቢዎች ናቸው የሚል ተጽፏል። አግዳሚዎቹ ከኋላ በኩል ተደራርበው ተቆልለዋል። ልጆቹ መሬት ላይ ሰሌን ተዘርግቶላቸው ይቀመጡ ነበር። ክረምት ሲገባ ወለሉ ረጠበ፤ ልጆቹ ማሳል ጀመሩ። አስተማሪዋ ፅጌ ገና አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ ከይርጋለም የመጣች ልጅ ነበረች፤ ወንበር ይሰጠን ብላ ብትጠይቅ በጀት የለም ተባለች። ጭራሽ አግዳሚዎቹን ለቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ሊወስዷቸው እንደሆነ ተሰማ።

እናቴ ሸዋንግዛው ቢሮ ገባች።

«ጓድ ሸዋንግዛው፣ አግዳሚዎቹን ለልጆቹ ይተዉልን።»

«ለሕፃን ይረዝማሉ።»

«አሳጥራቸዋለሁ።»

ሸዋንግዛው ቀና ብሎ አያት። «ማቴዎስ የሠራቸው አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ታዲያ አንቺ ልትቆርጫቸው ነው?»

«አዎ፤ ልጆቹ ብርድ ላይ ነው የተቀመጡት።»

«እንግዲህ እንደፈለግሽ» አላት።

ቅዳሜ ዕለት አልጋ ሥር ከነበረው የአባቴ ሣጥን መጋዝ አውጥታ ሄደች። ይህን እኔም አስታውሰዋለሁ፤ ከልጅነቴ መጀመሪያ የማስታውሰው ነገር ሳይሆን አይቀርም። አግዳሚውን ገልብጣ ዳር ላይ አስቀመጠችኝ፤ እንዳይንቀሳቀስ እኔን ክብደት ማድረጓ ነው። መጋዙ ይነክስና ይቆማል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን ላብ ነበር። እየቆረጠች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቁጥር አላውቅም። የተቆረጡት እግሮች በሳምንቱ ለገንፎ ማገዶ ሆኑ።

ወሬው የተዛመተው በዚህ ነው። ታቢታ የጸሎት ቤቱን አግዳሚ ቆርጣ ለቀበሌ ገንፎ ማገደች ተባለ። ውሸት ስላልሆነ ማስተባበያ አልነበረውም። ምእመናኑ በዚያ ጊዜ በድብቅ፣ በየሳምንቱ ቤት እየቀያየሩ ነበር የሚጸልዩት። የት እንደሆነ ለእናቴ የምትነግራት እትዬ ሮማን ነበረች፤ ከጭቃ ረገጣው ጊዜ ጀምሮ የቅርብ ጓደኛዋ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልትገዛ መጥታ እናቴን አገኘቻትና ከሰው ነጠል አድርጋ ወሰደቻት።

«ታቢታ፣ እኔ አንቺን አውቃለሁ» አለቻት። «ግን ሰው ፈርቶሻል። ከቀበሌ ደሞዝ ትበላለች፣ ከሸዋንግዛው ጋር ትነጋገራለች ይላሉ። የምንሰበሰብበትን እንዳልነግርሽ ተባልኩ።»

«እሺ» አለች እናቴ።

«እሺ ብቻ?»

«ምን ልበልሽ ሮማን? ይፍሩ። ታስረዋል፤ ቢፈሩ አልፈርድባቸውም።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እናቴ ብቻዋን ነው የጸለየችው፤ እኔንና አሰፋን አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ተጎድታ እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያታለሁ። «ዓሣው ሸተተ» አለችኝ። ያን ቀን የገዛችውን ዓሣ እጇ ላይ እንደያዘች ሳታበስለው መዋሏን፣ በኋላም መጣሏን ነው የነገረችኝ።

ሥራውን ግን ትወደው ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ከልጆቹ ብዙዎቹ የሲዳማ ልጆች ነበሩ፤ ሲመጡ አማርኛ አይሰሙም። ፅጌ ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደሚል አታውቅም። የእናቴ ከምባትኛ ከሲዳምኛ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ እናትን «አማ» ማለት በሁለቱም አንድ ነው። ልጆቹ የሚሉት ገብቷት በራሷ ቋንቋ ስትመልስላቸው አንዳንዴ ይስቁባት ነበር፤ ቃሉ ልክ ሆኖ አነጋገሩ ጠማማ ሆኖባቸው። ስቀው ለቅሷቸውን ይረሳሉ። አጥሩ ላይ ሁልጊዜ የሚቆሙ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ የሐይቅ ወፎች ነበሩ፤ ልጆቹ የገንፎ ጉርሻ እየወረወሩ ሲያጫውቷቸው እናቴ በመጥረጊያ ታባርራለች፤ ልጆቹን ማባረሯ ይሁን ወፎቹን አይታወቅም።

አንድ ጊዜ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ገንፎው ቀርቦ ልጆቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«ለምንድን ነው የማይበሉት? ጸሎት ታስደርጓቸዋላችሁ እንዴ?» አለ።

ፅጌ ደነገጠች። እናቴ ከማንኪያዋ ቀና ሳትል፣ «ገንፎው ይፋጃል፤ እስኪበርድ ነው» አለች።

ሰውየው ጣቱን ከአንዱ ሳህን ነከረና ቶሎ አወጣው። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ጸሎት ነበር ወይስ የገንፎው መፋጀት ብዬ እኔም ካደግሁ በኋላ ጠይቄያት ነበር። «ገንፎው ይፋጅ ነበር፤ ጣቱን አላየሽም?» ብላ ሳቀች።

አባቴ በ1974 ተፈታ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ አንዱ ጉልበቱ ያመው ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። ሸዋንግዛው ሰላም ሊለው መጥቶ ደጅ ላይ ቆመ፤ አባቴ ወንበር ሰጠው፤ ከሰላምታ ሌላ ምንም ሳይነጋገሩ ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። ስለ አግዳሚዎቹ አባቴ እስር ቤት ሆኖ ሰምቷል። እናቴም መስማቱን ታውቃለች። ሁለቱም አላነሱትም።

እኔ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመዋዕለ ሕፃናቱ በኩል ነው የማልፈው። አንድ ቀን ስደርስ አባቴ የመሣሪያ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በሩን በመዳፉ ዳበሰው፤ የእጁ ሥራ ነው። ከዚያ ገባ። ልጆቹ ተኝተዋል። እናቴ ሳህን ታጥብ ነበር፤ አይታው እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

አባቴ አንዱን አግዳሚ በእጁ ገፋ አደረገው። ተንገጫገጨ። ሌላውንም ገፋው፤ ያም ተንገጫገጨ። ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለ።

«እኔ።»

«በየትኛው መጋዝ?»

«በትልቁ።»

«ትልቁ ለግንድ ነው» አለ። «ለእንዲህ ያለው ትንሹ ነበር።»

«አላወቅኩም።»

«ሣጥኑ ውስጥ እኮ ከላይ ነበር።»

አባቴ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ግቢው ውስጥ ገለበጣቸው፤ እየለካ እኩል አደረጋቸው፤ ሕፃን እንዳይወጋ ጫፋቸውን ላገ። ሲመሽ ጨረሰ። እናቴ ውሃ አቀረበችለት፤ ጠጣና ወደ ቤት አብረን ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ከዚያ ቀን በኋላ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ያንን ቤት አልረገጠም። ወደ ሥራው ሲሄድ እንኳ በሌላ መንገድ ነበር የሚያልፈው።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። አባቴ የሰው ቤት በርና መስኮት እየሠራ፣ እናቴ የሰው ልጅ እያጠበች። አሰፋ በ1979 ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። እናቴ ያን ጊዜ ሸዋንግዛው ዘንድ ሄዳ አማልደኝ እንድትል እትዬ ደስታነሽ ብትወተውታት አልሄደችም። «የሌላውን ልጅ በእሱ ፋንታ ሊጽፍ ነው» አለች። አሰፋ የተመለሰው ደርግ በወደቀበት በ1983 ክረምት ነው፤ ከሰሜን ብዙውን መንገድ በእግሩ መጥቶ፣ አንድ ጆሮውን እዚያ ጥሎ። እናቴ ስትጮህበት ሰው የተቆጣችው ይመስለው ነበር፤ እንዲሰማት ነው።

ሸዋንግዛው ተያዘ። ቀበሌው ተበተነ፤ ደሞዝም ቀረ። እናቴና ፅጌ ግን መዋዕለ ሕፃናቱን አልዘጉትም። ወላጆቹ ዱቄትና እንጨት ያመጣሉ፤ እነሱ ያውላሉ። ቁልፉ እናቴ ዘንድ ነበር። በ1984 ጥቅምት ላይ ጸሎት ቤቱ ለባለቤቶቹ ይመለስ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ሽበሺን አስቀድመው ቤታችን መጡ። እትዬ ሮማንም አብራ ነበረች። እኔ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ ወንበር አቀብዬ ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

ከጸሎት በኋላ ጋሽ ሽበሺ፣ «እህት ታቢታ፣ ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው አሉን» አሉ።

«እኔ ዘንድ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቤታችን ተመለሰልን።»

«ልጆቹስ?» አለች እናቴ።

«የቶቹ ልጆች?»

«እዚያ የሚውሉት። እናቶቻቸው ጉልትና የቀን ሥራ ላይ ናቸው። እሑድ እናንተ ጸልዩበት፤ ሌላውን ቀን ልጆቹ ይዋሉበት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «የደርግ መዋያ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ?» ሲል ተቆጣ።

እናቴ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እናንተ ይኼን ሁሉ ዓመት በየቤቱ ጸልያችኋል፤ ለምዳችሁታል» አለች። «እነሱ ግን ነገ ጠዋት የት ይውላሉ?»

ለብዙ ዓመት አብራቸው እንድትጸልይ ያልጠሯት ሴት ስለሆነች ነገሩ ያኔ ሁሉም ላይ ወደቀ መሰለኝ። በመጨረሻ ጋሽ ሽበሺ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ማቴዎስ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት።

አባቴ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «እኔ ቁልፉን አልሰጥም ብዬ የታሰርኩት ቤቱ የምእመናን ስለሆነ ነው» አለ። «ዛሬም የምእመናን ነው። እነሱ ይወስኑ።»

እነሱም ቤቱ በሙሉ ይመለስ ብለው ወሰኑ። እናቴ አባቴን አየችው። ከዚያ ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ ጋሽ ሽበሺ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና፣ «ነገ የልጆቹን ዕቃ አወጣለሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ራት አቀረበች፤ አባቴን ግን አላናገረችውም።

በማግስቱ ጠዋት ስንነሣ አባቴ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ተጋድሟል።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«ዳስ።»

«ለምን?»

«ልጆቹን ዝናብ ይመታቸዋል።»

እናቴ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ታዲያ ትናንት እንዲህ ብትል ምን ነበር?»

«ትናንት የተጠየቅኩት ስለ ቤቱ ነው» አለና መቆፈሩን ቀጠለ።

ልጆቹ ያን ቀን ግቢያችን ካለው የግራዋ ዛፍ ሥር ዋሉ፤ በሳምንቱ ቆርቆሮ ያለው ዳስ ሆነላቸው። ሌላው ጎረቤታችን ሙክታር፣ የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ ልጆቹን እዚያው ስለሚያውል ምስማርና ስኳር ላከ። ጸሎት ቤቱ በተመለሰ በመጀመሪያው እሑድ ምእመናኑ ገብተው አግዳሚዎቹ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ቀስ እያለ ሳቅ ተነሣ፤ ጋሽ ሽበሺም ስብከቱን አቋርጠው ሳቁ። እናቴ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ከተዘጋ ወዲህ ለጸሎት የገባችበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ ሮማን አግዳሚዎቹን በአህያ ጋሪ አስጭና መጣች። ከጋሪው ሳትወርድ፣ «ለኛ አይሆኑም። ላንቺ ልጆች ይሁኑ ብለናል» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ታቢታ፣ ያኔ አሞራ ገደል ያልኩሽን...»

«ውረጂና በዚያ በኩል ያዢልኝ፤ ይከብዳል» አለቻት እናቴ።

ሁለቱ ተጋግዘው አወረዷቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ሮማን ሳታቋርጥ ትመጣ ነበር፤ ልጆቹን አብራ ታጥባለች፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች። ያንን ነገር ደግማ ስታነሣው ግን አልሰማሁም።

ፅጌ ጥቂት ጊዜ አብራ ከሠራች በኋላ አግብታ ወደ ይርጋለም ተመለሰች። እናቴ ዳሱን ብቻዋን ቀጠለች። እኔ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ። ከተማው ሰፋ፤ ሰርቪስ ያላቸው፣ ዩኒፎርም የሚያስለብሱ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት በየመንገዱ ተከፈቱ። ሙክታር የልጅ ልጆቹን ወደዚያ ሲያስገባ አፍሮ ሊነግራት መጣ፤ «እኔም ብሆን አስገባቸው ነበር» ብላ አረጋጋችው። የልጆቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት ቀነሰ።

በመጨረሻ አንዲት ሕፃን ብቻ ቀረች። ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ የጫልቱ ልጅ ነበረች። ጫልቱ አገሯ ልትገባ ስትነሣ እናቴ ልጅቷን አጥባ፣ ጠጉሯን ጎንጉና፣ በእጇ ይዛ እስከ መናኸሪያ ሸኘቻት። ቤት ስትመለስ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እግሩን የጠዋት ፀሐይ እያሞቀ ነበር። ነጠላዋን አወረደችና ደግማ ለበሰችው።

«ተነሥ፣ ገበያ እንሂድ» አለችው።

«ምን ልትገዢ?»

«ምንም። ልጅ መጠበቅ ከጀመርኩ ወዲህ በጠዋት ምን እንደሚመስል አይቼው አላውቅም።»

አባቴ ከዘራውን ፈለገ፤ አብረው ወጡ።